የአባቴ የእሁድ ምግብ ቤት

አባቴ ምግብ ሲሠራ ጆሮውን ወደ መጥበሻው ማዘንበል የጀመረበትን ቀን አላውቅም። መጀመሪያ ያየሁበት ቀን ግን ትዝ ይለኛል፤ አይቼም ስቄበታለሁ። «አባዬ፣ ሽንኩርቱ ሐሜት እየነገረህ ነው?» አልኩት። ቀና ሳይል «ዝም በይ አቦ፣ ልስማበት» አለኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ድሬ ያደገ ሰው ደግሞ ይህን ማንም ሊነግረው አይገባም። በደረቅ አሸዋ ላይ እያወራን የምንሻገረው ወንዝ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ከተራራው ሞልቶ ሲወርድ ስንቴ አይተናል። ማወቄ ግን አልጠቀመኝም።

እናቴ ከሞተች በኋላ ቤት የቀረነው እኔና እሱ ነን። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ገና ሳይነጋ ወጥቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። እሱ ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ጣቢያው አካባቢ በነበረ ምግብ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኖ ነው። ያ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። አባቴ ግን እስከዛሬ ቢላዋ ሲይዝ ሃያ እንግዳ እንደሚጠብቀው ሰው ነው።

እሁድ እሁድ ወጥተን የመብላት ልማድ ነበረን። ኑሮው ሲከብድ እኔ የምግብ ዝርዝሩን ገልጬ አይቼ «ዛሬ ብዙም አልራበኝም» ማለት አበዛሁ። በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠረጴዛችን ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፎ፣ አባቴ ክንዱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ቆሞ አገኘሁት።

«ምን ይታዘዝ፣ እመቤት?»

«ምን ምን አላችሁ?»

«ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው። ግን እርስዎ የመረጡት ይምሰልዎት።»

ያ አንድ ነገር ስፓጌቲ ነበር፤ እንዲያ ያለ ስፓጌቲ ደግሞ ከፍዬም በልቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ የእኛ ምግብ ቤት የሚከፈትበት ቀን ሆነ። አባቴ የሙያውን ምስጢር አንድ በአንድ ያወጣልኝ ጀመር፤ ምስጢሩም ሁሉ የቁጠባ ምስጢር ነበር። ርካሹን ጠንካራ የፍየል ሥጋ ገዝቶ በጥሬ ፓፓያ ልጣጭ አሽቶ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ ጥርስ የሌለው ሰው ይበላዋል። የቲማቲም ድልሁን ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ያቁላላዋል። የስፓጌቲውን ቅቅል ውሃ ልደፋ ስል እጄን ይመታኛል፤ ሶሱን የሚያወፍረው እሱ ነው። ሥጋ ሲጠፋ ድፍን ምስር ቀቅሎ፣ ገሚሱን ጨፍልቆ ሶሱ ውስጥ ይከተዋል። «ሰው የሚከፍለው ለሥጋው መስሎሻል? ለሳህኑ አቀራረብ ነው» ይላል፤ የሳህኑን ጠርዝ በፎጣው ሲጠርግም ጊዜ አይቆጥብም።

የምስሩ ሶስ መጀመሪያ የተፈጠረው ለኢዶ ነው። ኢዶ አጥር የምንጋራት ባለሱቅ ሶማሌ ናት፤ ኢዶ በነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይጠራታል። እኛ ክርስቲያን ነንና ያረድነውን አትበላም። ስለዚህ የሷ ሳህን ሁልጊዜ የምስር ነው። «ሥጋ የለበትም ስትሉኝ ወላሂ አላምንም» እያለች ሳህኑን ባዶ አድርጋ፣ በላዩ ሙዝ ጣል አድርጋበት ትመልሰዋለች።

የአባቴ ማስተማር በጥያቄ ነበር። እኔን ምድጃው አጠገብ ያቆመኝና ከኋላዬ ሆኖ ይጠይቀኛል።

«ምን ሸተተሽ?»

«ነጭ ሽንኩርት።»

«ጥሬው ነው የበሰለው?»

«የበሰለው።»

«ሀዬ። ቲማቲሙን ጨምሪበት።»

ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እንዲህ ቆሜ መፈተኑ ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ነገር አላስተማረኝም ብዬ የምወቅሰው አባት ዘግይቶም ቢሆን እያስተማረኝ ነው አልኩ። አንዳንዴ ሰልችቶኝ «አንተው አሽትተው» ስለው ይስቅና «እኔማ አውቀዋለሁ፣ አንቺ ነሽ መልመድ ያለብሽ» ይለኛል። አምኜው ነበር።

ከዚያ ነገሮች ይመጡ ጀመር። አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ኢዶ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ ቆማለች። «ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ሞቶ ነው?» አለችኝ። እኔም ከግቢው በር ጀምሮ አንገሽግሾኝ ነው የገባሁት። ከውሃው በርሜል ጀርባ የአይጥ ሬሳ ተገኘ፣ በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን ሳይሆነው አይቀርም። አባቴ ከበርሜሉ ሁለት እርምጃ ርቆ ጥላው ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። «ሙቀት ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለ። ኢዶ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ አይጡን ልጥል ሄድኩ።

ሌላ ጊዜ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ስመለስ ሩዝ በሱቃር ሠርቶ ጠብቆኛል፤ ሱቃር ደቀቅ ተደርጎ የሚጠበስ ሥጋ ነው፣ ከኢዶ ነው የተማረው። ክዳኑን ስከፍተው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ሥጋው ተበላሽቷል። እሱ ግን የራሱን ድርሻ በልቶ ጨርሷል፣ ሳህኑንም አጥቦታል።

«ይሄን በላኸው?» አልኩት።

«መጣሉ አሳዘነኝ» አለ።

እንደ እሳት ነደድኩ። ስስታም አልኩት። ለቁራጭ ሥጋ ብሎ ራሱን ሊገድል እንደሆነ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ እንደሆነ ነገርኩት። ድስቱን ይዤ ወጥቼ ደፋሁት። ሁለት ቀን ሆዱን ይዞ ተኛ፤ እኔ ሾርባ እያቀረብኩለት እንኳ አልለቀቅኩትም። አባቴ በሕይወቱ ለሌላ ሰው ሲቆርስ ትልቁን የሚሰጥ ሰው ነው። እያወቅኩ ስስታም አልኩት፤ እሱም ስስታም መባሉን መረጠ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ገባኝ። የስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ ሸሚዝ ስሰፋ ልቤ ቤት ነው። እኔ በሌለሁበት ሰዓት አንድ ነገር አባቴን ሊወስድብኝ እየመጣ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ልጨብጠው አልቻልኩም። እርጅና ነው እላለሁ፣ ግትርነት ነው እላለሁ። ከሰዓት ቤት ገብቼ ደህና ሆኖ ሳገኘው ደግሞ በማስፈራራቱ እናደድበታለሁ።

ነገሩ የተገለጠበት ቀን የሥራ ቀን ነበር። ፋብሪካው መብራት አጥቶ ሰባት ሰዓት ላይ አሰናበቱን። ድሬ በዚያ ሰዓት ትተኛለች። ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ቆመዋል፣ ሾፌሮቹ እግራቸውን ውጭ አንጠልጥለው ያንቀላፋሉ፣ የሱቆቹ በር ገርበብ ብሏል። ሰፈሬ ስገባ የሚሰማው የጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ነው። ኢዶ መጠጦቿ እንዳይሞቁባት አዲስ ጄኔሬተር ገዝታ ነበር፤ ያስቀመጠችው ከኛ ማድ ቤት መስኮት ሥር ነው። ወደ ቤት በቀረብኩ ቁጥር ጩኸቱ ጥርሴ ውስጥ ይገባ ጀመር።

የግቢውን በር ስከፍት ሸተተኝ።

ጋዝ ነው። የማድ ቤቱ መስኮት የጄኔሬተሩ ጭስ እንዳይገባ ተዘግቷል። በበሩ ሳይ አባቴ ውስጥ ነው። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ምድጃው ላይ ደቅኗል፤ በአንድ እጁ አዲስ የክብሪት ቀፎ ይዟል፣ በሌላው አንድ እንጨት መዟል። ተጣራሁ፤ ጄኔሬተሩ ድምፄን ዋጠው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እጁን በኃይል መታሁት፣ ክብሪቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ምድጃውን ዘጋሁ፤ ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ግቢ አወጣሁት። ቀለለኝ። መቼ እንዲህ እንደቀለለ አላውቅም ነበር።

«አበድክ እንዴ? አይሸትህም?» ብዬ ጮህኩበት።

የተመታ እጁን በሌላው እጁ ይዞ ቆመ።

«አይሸተኝም» አለ።

ባለፈው ዓመት ከያዘው ከባድ ጉንፋን ወዲህ ነው፣ አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። አንድ ጠዋት ሲነሳ ምንም የለም። ይመለሳል ብሎ ጠበቀ፤ አልተመለሰም። ያን ቀን ምድጃውን ከፍቶ ክብሪት ሲፈልግ ቀፎው ባዶ ሆነበት። ከኢዶ ሱቅ ገዝቶ እስኪመለስ ምድጃው ክፍት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጋዙን ፉጨት ይሰማ ነበር፤ ያን ቀን ጄኔሬተሩ ጆሮውንም ወሰደበት።

አይጡ መጣብኝ፣ ሥጋው መጣብኝ፣ ወደ መጥበሻው የሚያዘነብለው ጆሮው መጣብኝ። «ምን ሸተተሽ?» የሚለው ጥያቄም መጣብኝ። እያስተማረኝ አልነበረም። በኔ አፍንጫ ነበር የሚያበስለው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ማድ ቤት አታስገቢኝም ነበር።»

«አዎ፣ አላስገባህም ነበር።»

«ታዲያ» አለ።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ማሽተቱ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለን። ስንወጣ አባቴ አመሰገነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ የክብሪት ድምፅ ስሰማ እደነግጣለሁ። ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠመውን፣ ጋዙን የሚያስተላልፈውን ሬጉሌተር ነቅዬ በቦርሳዬ ይዤ ሥራ መግባት ጀመርኩ። ምሳውን በምሳ ዕቃ፣ ሻዩን በፔርሙስ አስቀምጥለታለሁ። የፓርኩ ፈታሽ ቦርሳዬን ከፍታ «ይሄ ምንድነው?» ስትለኝ «የቤቴ ቁልፍ ነው» አልኳት። አባቴ ሬጉሌተሩ የት እንደሄደ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ሰውዬው የቀረው አንድ ማድ ቤት ነው፤ እሱንም በየጠዋቱ ሰርቄው እወጣለሁ።

እሁድ እሁድ እመልሰዋለሁ። አንሶላው ይነጠፋል፣ ፎጣው ክንዱ ላይ ይወጣል። ምን ሸተተሽ ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። የኢዶ ሳህንም አልቀረም። እሷ ግን ጄኔሬተሩን ከመስኮታችን ሥር ራሷ አንስታ ወደ ሌላው ጎን ወስዳዋለች፤ ማን እንደነገራት አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት አርፍጄ ተነስቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። የሠራተኛ ማመላለሻው አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ መስኮቱ አጠገብ ከተቀመጥኩ በኋላ ቦርሳዬ ቀለለኝ። እጄን ከተትኩ፤ የለም። ቤት ቀርቷል። ልወርድ ስነሳ አባቴን አየሁት። በሸበጥ ነው፣ አስፋልቱን ይሻገራል፤ የእሁዷን ፎጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟል። መጥቶ መስኮቱን አንኳኳ።

ከፈትኩለት። ፎጣውን በሁለት እጁ አቀበለኝ፤ ከክብደቱ አወቅኩት።

«ረስተሽው ሄድሽ» አለኝ።

አፈርኩ። «ዛሬ እንኳ እቤት ይዋል፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ሻይ ላፈላ ብዬ ገጥሜው ነበር። ኋላ እጄን ሰበሰብኩ። ያዥልኝ።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ፎጣውን ጭኔ ላይ ፈታሁት፤ ጋዝ ይሸታል። ዞሬ ሳይ አስፋልቱ ዳር እዚያው ቆሟል። ሬጉሌተሩን የነካባቸውን ጣቶቹን አፍንጫው ሥር ይዞ ደጋግሞ ያሸታል።