የእረፍት ቀን ኪኒን

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ተሳፋሪ ሲጋፋ «ቀስ በሉ፣ ሁላችሁም ትደርሳላችሁ» ማለት ስለሚያበዛ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ጋሽ ቀስ ሆኖ ቀረ። በሾፌርነት ዘመኑ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ለሰው ነፍስ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለራሱ ግን ግድ አልነበረውም። የሾፌር ነገር፤ ከልቡ ምት ይልቅ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል።

ደም ግፊት እንዳለበት ሲነገረው ነገሩን ከእሱ ይበልጥ ሚስቱ አጥብቃ ያዘችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤታቸው ጨው ጠፋ። «አንተ የማትበላውን እኔ ብቻዬን ልበላ?» ብላ እሷም ጨው የሌለው ምግብ መብላት ጀመረች። በየጠዋቱ ኪኒኑን ታቀብለውና ውሃውን እስኪጨልጥ ቆማ ትጠብቃለች።

ችግሩ ኪኒኑ የሚያሸና መሆኑ ነው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ ከኋላው መኪና ተኮልኩሎ፣ «አንዴ ሽንቴን ልሽና» ብሎ የሚወርድ ሾፌር የት አለ? መጀመሪያ ሰሞን ጥርሱን ነክሶ ቻለው። በኋላ ኪኒኑን ምላሱ ሥር ሸጉጦ ውሃውን ብቻ መጠጣት፣ ከበር ሲወጣ እንትፍ ማለት ለመደ። የሚውጠው ሥራ በማይገባበት ቀን ብቻ ሆነ። ነገሩ ደግሞ በእሱ አልተጀመረም። ግፊት ያለባቸው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ «የእረፍት ቀን ኪኒን» እያሉ ይሳሳቁበታል። ምንም ስላላመመው ደህና የሆነ መሰለው። ይህ በሽታ ተንኮለኛ ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ነው ሥራውን የሚሠራው።

አንድ ጠዋት እየነዳ ሳለ ራሱ ሊፈነዳ ደረሰ። አፍንጫው ደማ። ቀጥሎ የግራው መስታወት ጠፋበት። መስታወቱ ግን ቦታው ላይ ነበር፤ የጠፋው የግራ ዐይኑ ብርሃን ነው። እንደ ምንም ጥግ ያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በሮቹን ከፈተ። «ውረዱ… ቀስ በሉ» አለና መሪው ላይ ተደፋ። ከተሳፋሪው አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም።

ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ የመለኪያውን ቁጥር አላምን ብላ ደግማ ለካች። ሁለት መቶ ሠላሳ በመቶ ሠላሳ ነበር። መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሰጡት፤ ግፊቱም በዝግታ ወረደ። ቀና ማለት ሲችል አጠገቡ የተኛውን ጡረተኛ አየ። ሰውየው ፊቱ አብጧል፤ ደሙን በማሽን ነው የሚያጥቡለት።

«እኔም እንዳንተ ምንም አያመኝም ነበር» አለው ጡረተኛው። «ኩላሊቴ ግን ደህና ሁን እንኳ ሳትለኝ ሄደች።»

ወጣቷ ሐኪም መጣችና ሚስቱን ጠየቀቻት። «እናት፣ ባለቤትዎ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዱ ነበር?»

«በእጄ ነው የምሰጠው፤ አንድ ቀን አጉድሎ አያውቅም።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ አልሠራላቸውም ማለት ነው። ሲወጡ ጠንከር ያለ ሌላ እንጨምርላቸዋለን።»

«ምናልባት በእኔ ጥፋት ይሆን?» አለች ሚስቱ። «ሳላውቀው ምግቡ ውስጥ ጨው እየገባ…» አልጨረሰችውም፤ እንባዋ ቀደማት።

ጋሽ ቀስ ዐይኑን በጨው አጥቦ ዝም ማለት ይችል ነበር። አንጀቱ ግን እንቢ አለው። የገዛ ጥፋቱን ይህች ሴት ተሸክማ ስታለቅስ ማየት ከራስ ምታቱ ባሰበት።

«ልጄ፣ መድኃኒቱም እሷም ምንም አላጠፉም» አለ። «አልዋጥኩትም።» ከዚያም ምላሱን፣ ሽንቱን፣ የእረፍት ቀኑን፣ ሁሉንም ተናገረ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አለ ጡረተኛው ለራሱ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እንኳን ነገሩኝ» አለችው። «ሁሉን ደርበን ሰጥተንዎት በአንዴ መዋጥ ቢጀምሩ፣ ግፊትዎ ከልክ በላይ ወርዶ ሌላ መዘዝ ያመጣ ነበር። የማያሸና እንፈልግልዎታለን።»

«ዐይኔስ?»

«ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። መሪ መያዙን ግን ይርሱት።»

ጋሽ ቀስ አለቀሰ።

ሚስቱ ለምሳ ከቤት ያመጣችውን ምግብ ከፍታ በማንኪያ አጎረሰችው፣ እሷም በላች።

«አንቺ እንኳ ከእንግዲህ ጨው ጨምሪበት» አላት።

«ምላሴ ረስቶታል» አለች።

ነርሷ ኪኒን አመጣች። ሚስቱ ተቀብላ አፉ ውስጥ አደረገችለት፣ ውሃ አጠጣችው፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«አፍህን ክፈት» አለችው። «ምላስህን አንሳ።»

ከፈተ፤ አነሳም። ይቅር ትለው እንደሆነ ከፊቷ ሊያነብ ፈለገ። እሷ ግን የቆመችው በግራው፣ በጠፋበት በኩል ነበር።

ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ እሷ ማዞር ጀመረ።