«አትሸከሚ» የተባልኩባቸው ዓመታት

መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨት ነው። ከቦኖ ውሃ ቀድቼ ዳገቱን ስወጣ አንድ ነገር በቀጭኑ ያፏጫል። የጄሪካኑ ክዳን አየር የሚያወጣ መስሎኝ አወረድኩት፣ ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት፣ እንደገና አነሳሁት። ፉጨቱ አልቆመም። ከኋላዬ የነበረችው ታናሽ እህቴ ታደለች የራሷን ጄሪካን አስቀምጣ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች። «ካንቺ ነው የሚመጣው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያኔ ሁለታችንም ተማሪዎች ነበርን፤ የምንኖረውም እስከ ዛሬ ባለንበት በቡራዩ ነው።

ሐኪሙ ስሙን ነገረን፤ አስም ነው። ሁለት ዓይነት ፓፍ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ አዘዘልኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧዎቹ ከውስጥ ያብጣሉ። ጭስ፣ አቧራ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ሲያገኛቸው ዙሪያቸውን የያዘው ጡንቻ ይኮማተርና የአየሩ መተላለፊያ ይጠባል። አንደኛው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ የተኮማተረውን ጡንቻ ቶሎ ያላላል። ሁለተኛው፣ ቤክሎሜታዞን፣ እብጠቱን ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደህና በሆንንበትም ቀን መወሰድ አለበት። ሐኪሙ ይህን ሁሉ በችኮላ ነገረን። በመጨረሻም፣ «ለጊዜው ከባድ ነገር አትሸከም» አለ። እናቴ ይህችን ያዘች። «ለጊዜው» የሚለው ግን ቤታችን ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ውሃ አልቀዳሁም። ሊጥ አላቦካሁም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሌሎችን ሹራብ እጠብቅ ነበር። የእኔን ጄሪካን ታደለች ወሰደችው። የራሷን አድርሳ ትመለስና የእኔን ትሸከማለች። «አትሸከሚ» ለእኔ የተባለ ቃል ነው፤ ክብደቱ ግን እሷ ላይ አረፈ።

እናቴ ከደቡብ መጥታ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ የኖረች አማኝ ናት። አንድ በጋ ሕመሙ ሳይነሳብኝ አለፈ። በአንድ እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት፣ እናቴ ብድግ አለችና «ልጄን ጌታ ከአስም ፈውሷታል!» አለች። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። እኔ ፓፉ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት ፓፍ መሳብ እናቴን ውሸታም ማድረግ፣ ፈውሱንም መካድ ሆነ። ጎረቤቶችም «ፓፍ አንዴ ከለመደ አይለቅም» እያሉ አገዟት። በየቀኑ መወሰድ ያለበት ቤክሎሜታዞን ከመደርደሪያው ጠፋ። ሳልቡታሞሉን ግን ካልሲ ውስጥ ደብቄ አቆየሁት። የሚገርመው፣ ተፈውሻለሁ ከተባለ በኋላ እንኳ ጄሪካኔ አልተመለሰልኝም። በጉባኤው ፊት ጤነኛ፣ በቦኖው ፊት ሕመምተኛ ሆኜ አደግኩ። ጸሎትን አልወቅስም፤ እኔም እጸልያለሁ። የሚመርረኝ መድኃኒቱን ከጸሎቱ ጋር ማጣላታቸው ነው።

ተመርቄ እዚያው ቡራዩ ባዮሎጂ ማስተማር ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ሳንባ እስላለሁ፤ የጠመኔው ብናኝ ስለሚያስለኝ የሚያጠፋልኝ ተማሪ ነው። ስለ ጡንቻ ሳስተምር ደግሞ ቀጫጭን ክንዶቼ እንዳይታዩ እጅጌዬን ወደ ታች እስባለሁ።

ከዚያ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ መጣ። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከክፍል ወጡ። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘጋ። ጎማ ነደደ። ከዚያ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። መስኮት ዘጋን። ጭሱ በበሩ ሥር ገባ። የቀሩትን ተማሪዎች በጓሮ በር አስወጣናቸው። ሁሉም ወደ ዳገቱ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። ፓፉን አውጥቼ ሳብኩ። ባዶ ነው። መድኃኒት ቤቶች ከተዘጉ ሰንብተዋል። አየሩ ይገባል፤ አይወጣም። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስሜን ቢጠይቁኝ አልጨርሰውም።

ታደለች ደረሰች። የምትሠራበት ፋብሪካ በግርግሩ ሠራተኛውን በጊዜ አሰናብቶ ነበር፤ ተኩስ ስትሰማ ወደ እኔ መጣች።

«ጀርባዬ ላይ ውጪ» አለች።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አሁንም ልትከራከሪኝ ነው? ውጪ!»

አዘለችኝ። ባጃጅ የለም። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሄደች። አንድ ቦይ ስትሻገር ተንሸራተተች። ወደቀች። እኔን እንዳዘለች ተነሳች። ስትነሳ አንድ ድምፅ አወጣች። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ኦክስጅን አደረጉልኝ። መድኃኒቱን ተን አድርጎ በሚያስተነፍስ ኔቡላይዘር ሰጡኝ። ጤና መኮንኑ ወሬውን ሰምታ ለደረሰችው እናቴ፣ «አዲስ አበባ ሪፈር ብጽፍላትም መንገዱ ዝግ ነው፤ እዚሁ እንታገላለን» አላት። ታገሉ። ተረፍኩ።

መናገር ስጀምር መኮንኑ፣ «ምን ስፖርት ትሠሪያለሽ?» አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ።

እናቴ ቀደመችኝ። «አስም አለባት እኮ!»

«ለዚህ ነው የምጠይቃት፣ እማማ» አላት። «ስፖርት የሚከለክለው አስም ሳይሆን ያልታከመ አስም ነው። መድኃኒቷን በየቀኑ ትውሰድ። ከዚያ ቀስ እያለች ጡንቻዋን ትገንባ። ጡንቻ ሲደክም ትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጨርሳል።»

 ታደለች ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ልትነሳ ብትሞክር አልቻለችም።

የወገቧ ዲስክ ተንሸራቷል ተባለ። ፋብሪካው ቀኑን ሙሉ መቆም የማትችል ሠራተኛ አልፈለገም፤ አሰናበታት። ሊጠይቋት የመጡት ዘመዶች በተራቸው አንገታቸውን አዘንብለው «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ አትሸከሚ» አሏት። ለእኔ ይሉኝ በነበረው ድምፅ።

እኔ ሕክምናዬን በደንብ ይዤ፣ ፉጨቱ ጠፍቶ፣ ሐኪሙም ፈቅዶልኝ የትምህርት ቤታችንን የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት አንኳኳሁ። የስፖርት መምህራችን ቲቸር ቶሎሳ እዚያ ውስጥ በቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ፣ በቱቦ ብረት እያገናኘ የሠራቸው ክብደቶች ነበሩት።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ቲቸር! ቀለም ልትቀቢ ነው የመጣሽው?» አለኝ ቆርቆሮዎቹን ሳይ።

«ላነሳቸው ነው። ይከብዳሉ?»

«ከኩራትሽ ይቀላሉ።»

ግን ወዲያው ብረት አላስነካኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ ውሃ የሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ማንሳት ብቻ ነበር ሥራዬ፤ ሰውነቴን ቀስ ብዬ ካሟሟቅኩ በኋላ ጥቂት እሠራለሁ፣ ትንፋሼ እስኪረጋጋ አርፋለሁ፣ ደግሞ እቀጥላለሁ። ወለሉን ከመጥረጋችን በፊት ውሃ እንረጭበታለን፤ የሲሚንቶ ብናኝ ለእኔ ከክብደቱ የባሰ ጠላት ነው። ትልቁ ስህተቴ ከባድ ነገር ሳነሳ ትንፋሼን መያዝ ነበር፣ ቶሎሳም «ስታነሺ አስወጪ፣ ስታወርጂ አስገቢ! ይዘሽው ለማን ልታወርሺው ነው? ጀባዱ!» እያለ ይጮህብኛል፤ ጀባዱ በኦሮምኛ በርቺ ማለት ነው። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ሲሚንቶውን ሳነሳ ደረቴ ዝም ይል ጀመር።

እናቴ ይህን አይታ በእሑዱ ጉባኤ እንደገና ልትመሰክር ፈለገች። «ራሴ እናገራለሁ» አልኳትና ተነሳሁ። ፓፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ በሁሉም ፊት ያዝኩት። አስሜ አለመጥፋቱን፣ በመድኃኒት መያዙን፣ ጉልበቴ በሥራ መምጣቱን፣ በሕይወት የቆየሁትም በእህቴ ጀርባ መሆኑን ተናገርኩ። እግዚአብሔርንም አመሰገንኩ። እልልታ አልነበረም። እናቴ እኔን ሳትጠብቅ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች። አዳራሹ በር ላይ ግን ለዓመታት ከኋላዬ ስትቀመጥ የኖረች አንዲት ሴት ቦርሳዋን በትንሹ ከፍታ አሳየችኝ። ውስጡ የእሷም ፓፍ ነበር።

ጤና መኮንኑንና ቲቸር ቶሎሳን አመሰግናለሁ። ታደለችን ለማመስገን ግን ቃል አይበቃኝም። እኔ ትንፋሼን አገኘሁ፤ የእሷ ወገብ እንደ ድሮው አልሆነም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሰጣትን እንቅስቃሴ አብረን እንሠራለን፤ አንዳንድ ቀን ትበረታለች፣ አንዳንድ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

እናንተ አስም ያለባችሁ፣ የየዕለቱን መድኃኒት ደህና ነኝ ብላችሁ አትተዉ። ከስፖርት በፊት ፓፍ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ፓፋችሁ ባዶ እንዳይሆን እዩ፤ ሳትደብቁ በእጃችሁ ያዙት። ሲያፏጭባችሁ አቁሙ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። እናንተ አስታማሚዎች ደግሞ ስለ ፍቅር ብላችሁ የሰው ጉልበት አትቀሙ። የቀማችሁትን ሸክም ሌላ ሰው ይሸከመዋል።

አሁን ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ታደለች ባዶ እጇን ከጎኔ ትሄዳለች። ዳገቱ ላይ ጆሮዋን ወደ ደረቴ ታስጠጋለች።

«ዛሬ አያፏጭም» ትላለች። «ቀጥ በይ እንጂ፣ እንደ አሮጊት ጎበጥሽ!»

ቀጥ እላለሁ። እሷ ቀጥ ማለት አትችልም።