ውሃ አጣጭ

እናቴ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ በመጣች ቁጥር ቦርሳዋን ከበሩ ጀርባ ታስቀምጣለች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቦታ አዘጋጅቼላታለሁ፤ ከፍታ ታየዋለች፣ "ተባረኪ" ትላለች፣ ቦርሳው ግን ከበሩ ጀርባ ንቅንቅ አይልም። ይህ ያበሽቀኛል። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መካነ ሰላም ያለውን ቤት ዘግታ እኔ ጋ እንድትቀመጥ። ስኳር አለባት፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። እኔም ብሆን ከሥራ ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው ናፍቆኛል።

ሥራዬ መድኃኒት መመርመር ነው። ክኒኑ ተፈጭቶና ሟሙቶ፣ በፈሳሽ እየተገፋ ኮለም በምንለው ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦው ውስጥ የታጨቀው ደቃቅ ዱቄት አንዱን ቶሎ ይለቀዋል፣ ሌላውን ያቆየዋል፤ ተለያይተው ሲወጡ ምን ምን እንዳለ እናውቃለን። በተለመደው ኮለም ዱቄቱ ቅባት ቀመስ ስለሆነ የሚይዘውም ቅባት የሚስማማውን ነው። እናቴ ለስኳሯ የምትውጠው ሜትፎርሚን ደግሞ ለይቶለት ውሃ ወዳድ ነው። እዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያቆየው ነገር አያገኝም፤ እንደገባ ውልቅ ይላል፣ እንደሱ ውሃ ከሚወዱት ጋርም ተደባልቆ ይወጣል።

ባለፈው ክረምት፣ እናቴ እኔ ጋ በነበረችበት ሰሞን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሆነውን ሌላ ኮለም ገጠምን። የዚህኛው ዱቄት ራሱ ውሃ ይወዳል። የሚያልፍበት ፈሳሽ አብዛኛው አሴቶናይትራይል የሚባል ማሟሚያ፣ ጥቂቱ ውሃ ነው። ያቺ ጥቂት ውሃ ዱቄቱ ላይ ተለጥፋ ስስ ሽፋን ትሠራለች። ሜትፎርሚን በአሴቶናይትራይል እየተገፋ ሲመጣ እዚያች ውሃ ውስጥ ይገባና ይቆያል። ውሃ አብልጦ የሚወድ አብልጦ ይቆያል፤ መለያየታቸውም በአመዛኙ ከዚሁ ነው። ፈሳሹ ላይ ውሃ ከጨመርን ግን የሚያልፈውም ውሃ፣ የቆመውም ውሃ ይሆንና ሜትፎርሚኑ ቶሎ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ጨርሼ ሳበቃ፣ የመጀመሪያውን ክኒን በንጹሕ ውሃ አሟሟሁት። የወሎ ልጅ ነኝ፤ እንግዳው የሚወደውን ጠግቦ ይግባ ብዬ ነው። የማሽኑ ስክሪን ላይ የመድኃኒቱ ምልክት አንድ ቀጥ ያለ ጫፍ ሆኖ መታየት ሲገባው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ጉብታ ወጣ፤ ግማሹ ሳይቆይ አልፏል። የሥራ ባልደረባዬ ሳቀብኝ።

"ውሃውን ተሸክሞ ከገባ እዚህ ለምን ብሎ ይቆማል?"

ማታ ለእናቴ ስነግራት ከእሱ ብሳ ሳቀች። "እንዲያውም እኮ አጠጥተሽ ሸኘሽው!"

እሷን ለማቆየት ያልሞከርኩት አልነበረም። ለስላሳ ፍራሽ ገዛሁ፣ ቴሌቪዥኑን ወደ አልጋዋ አዞርኩ፣ ጎረቤት አስተዋወቅሁ። ሁሉንም አመሰገነች፣ ሁሉንም መረቀች፤ አንድ ጠዋት ግን ነጠላዋን አጣፍታ ቦርሳዋ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

"እማ፣ ምን ጎደለብሽ?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"አብሽሪ ልጄ፣ ቤትሽ ምንም አልጎደለው።" ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "ውሃ አጣጬ እዚያ ነው" አለች።

አባቴ መካነ ሰላም ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው ያረፈው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ተሳልማ ስትወጣ መቃብሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ፣ ከከላላ ማን እንደመጣ ትነግረዋለች። ባልና ሚስት ውሃ አጣጭ ሲባሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ቃሉን ግን እንደዚያን ጠዋት ሰምቼው አላውቅም። ቦርሳውን ራሴ አንስቼ መናኸሪያ አደረስኳት።

ደሴ አድራ በማግሥቱ ቤቷ ስትገባ ደወለች። አቀስታ ላይ ብርዱ እንዴት እንደገረፋት፣ ጎረቤቶቿ እንዴት እንደተቀበሏት ነገረችኝ። ድምፅዋ ከእኔ ቤት ድምፅዋ ይልቅ ወጣት ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። እኔ ገና ከሥራ መግባቴ ነው። በሩን ራሴ ከፍቼ፣ ከጀርባው ቦርሳ የነበረበትን ባዶ ቦታ እያየሁ ነበር የማወራት።

"እህል ውሃ ቀመስሽ?" አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትለው።

"አዎ እማ፣ ቀምሻለሁ።"

"ከማን ጋ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። እሷም ስልኩን አልዘጋችውም።