ካባ እምቢ ያለው ጀግና

ዛሬ ጠዋት አንድ አሮጌ የሥዕል መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ይዤ ወጣሁና በገዛ እጄ አፈራርሼው ተመለስኩ። የዛገውን ስቴፕል ነቅዬ ወረቀቶቹን ለኮፒ ቤቷ ልጅ ሳቀብላት፣ "አባባ፣ ቁጥር የላቸውም እኮ፤ ቢደባለቁስ?" ብላኝ ነበር። እኔ ምኑ ሞኝ፣ የሣልኳቸው እኔ ነኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜም አውቃቸዋለሁ አልኳት። ማሽኗ እምቢ ብሏት እንዳሉ ይዣቸው ከበሩ እንደወጣሁ የሰበታ ነፋስ ትምክህቴን ሰምቶ ኖሮ ሁሉንም ከእጄ ነጠቀኝ። ከፊሉን ከአስፋልቱ፣ ከፊሉን ከባጃጅ ሥር ለቅሜ ቤቴ ገባሁ። ወለሉ ላይ ዘርግቼ ባያቸው የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ጠፋኝ። ይባስ ብሎ ታሪኩ በዘመናት መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ አውቶቡስ ታሪክ ነው፤ እንዴት አድርጌ ብደረድረው ልክ ይመስላል።

እንዲህ ሲሆን የሚጠየቀው ደራሲው ነው። ደራሲው ዛሬ ቡራዩ ይኖራል። ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር ስለሆነ ከሣልኩለት ሥዕል አንዱንም አይቶ አያውቅም፤ ቅደም ተከተሉን ግን በቃሉ ይዞታል። ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላውራ።

በንጉሡ ዘመን፣ ሁለታችንም ሃያዎቹን እንደጀመርን፣ ሰበታ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥረን ነበር። እኔ ታይፕ እመታለሁ፤ በሰም የተቀባውን ስቴንስል እየጫርኩ በማባዣው መኪና ሰርኩላር አበዛለሁ። እሱ እዚያው ክፍል ጥግ፣ የስልክ ማዞሪያው ላይ ተቀምጦ መስመር ያገናኛል። የተጂ ገበሬ ልጅ ነው። ጠዋት ስገባ "አካም ቡልቴ" ይለኛል፤ ደህና አደርክ ወይ ነው። "ነጋ" ብዬ ደህንነቴን ስነግረው፣ ከድምፄ ውስጥ የትናንቱን ጠጅ አጣርቶ ይሰማና "ሶባ" ይለኛል። ውሸት ማለቱ ነው። ያቺ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ አልጠፋችም።

አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወው የሥዕል መጽሐፍ እጄ ገባ። እንግሊዝኛዬ ከሰርኩላር አያልፍምና በምሳ ሰዓት ጽሑፉን ትቼ ሥዕሉን አነብለት ጀመር። የሚበር ሰውዬ ነው፣ ከሱሪው በላይ ሙታንታ የታጠቀ ነው፣ ከጀርባው ካባ ደርቧል አልኩት። ሙታንታውን አልፎ፣ "ካባውን ማን ሸለመው?" አለኝ።

ያኔ ካባ ከላይ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ማንም ተነስቶ አይደርበውም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። የሸለመው ሰው የለም።

"እንግዲያው ሰርቆ ነው" አለ። "የኛዎቹ ካባ አይኖራቸውም። ሥራቸውን ይሠራሉ፣ አውቶቡሳቸውን ይሳፈራሉ፣ በቃ።"

እነማን ናቸው የኛዎቹ ብዬ ሳልጠይቀው ይነግረኝ ጀመር። አንድ አውቶቡስ አለ፤ ከሰበታ ተነስቶ አዲስ አበባን ሳይረግጥ ቡራዩ፣ ከቡራዩም ሱሉልታ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም። እዚህ አጠገባችን ወዳለችው ቡራዩ ለመሄድ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ግድ ነበር፤ ጓደኛዬን እንደዚህ የሚያናድደው ነገር አልነበረም። አዲስ አበባን ሳናስፈቅድ ጎረቤት መጠየቅም አንችል ወይ ይላል። አውቶቡሱ ታዲያ ከተማዋን በዞራት ቁጥር ሰዓቱ ይዛባና የሚቀጥለው ፌርማታ ሌላ ዘመን ላይ ይደርሳል። ጥሩምባው ሦስት ጊዜ እስኪነፋ ያልተሳፈረ እዚያው ዘመን ይቀራል። በየፌርማታው አንድ ጀግና አለ፤ የእያንዳንዱ ታሪክ ለብቻው ነው፣ አውቶቡሱ ነው እንደ ክር የሚያያይዛቸው።

ቡራዩ ላይ በጣልያን ጊዜ የነበረች እንጨት ተሸካሚ አለች፤ አንድ ካሚዮን ከነወታደሮቹ አዝላ መናገሻ ጫካ ጥላው ትመለሳለች። ሱሉልታ ላይ፣ ባሕር ዛፍ አገራችን ሳይገባ፣ በትንፋሹ ወንዝ የሚያረጋ ወተት ሻጭ ሽማግሌ አለ፤ የሱሉልታን ብርድ የቀመሰ ሰው ይህን ተረት ነው አይልም። ሰበታ ላይ ደግሞ፣ ገና ባልመጣ ዘመን፣ ተጂ ላይ የተዋሸ ውሸት የሚሰማ ዓይነ ስውር አለ። እሱ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ያን ያህል እንኳ ደንቆሮ አልነበርኩም።

መጨረሻው ገጽ ላይ ሰሚው የአንድ ትልቅ ሹም ውሸት በአደባባይ ያጋልጣል። አፉን ሊያስይዙት ካባ ያመጡለታል። እምቢ ይልና፣ ዓይኑም እንደነበረ፣ ልብሱም እንደነበረ፣ አውቶቡሱ ላይ ይወጣል።

ሁሉንም ረቂቅ በእርሳስ እንደጨረስኩ አለቃችን ከቅርጫት ውስጥ አንድ የተበላሸ ወረቀት አግኝቶ አስጠራኝ። ተባረርኩ ብዬ ገባሁ። ሰውዬው ግን ወዶት ኖሯል፤ ሙሉውን ካላየሁ ብሎ አስመጣኝና እየሳቀ አነበበው። በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት አርባ ኮፒ ይባዛና ለበዓል ለሠራተኛው ይታደል አለ። መጨረሻው ገጽ ብቻ ይስተካከል፦ ዓይነ ስውሩ ጸበል ተጠምቆ ዓይኑ ይብራ፣ ተንበርክኮም ካባውን ይቀበል። ካባ እምቢ ባለ ሰው ምክንያት እንጀራዬን አላጣም አለኝ። ተናግሮ ሳይጨርስ "እሺ ጌታዬ" ብዬዋለሁ። በዚህስ ፍጥነቴ የሚደርስብኝ አልነበረም።

ስቴንስሉን የጫርኩት ጓደኛዬ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ መስመር ላይ ሳለ ነው፤ አይሰማኝም ብዬ። አርባውን አባዝቼ በስቴፕል ሳያይዝ መጨረሻውን ገጽ አንብብልኝ አለኝ።

"ምንም አልተቀየረም" አልኩት። "አውቶቡሱን ብቻ ትንሽ አሰፋሁት።"

ጠረጴዛውን በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አደረገው። "የሰሚው ዓይን ይሄ ነው። ሁለት ጭረት። ስንት ገጽ ሙሉ ስሰማው ከርሜያለሁ። ትናንት ግን እጅህ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ መሃሉን ነቆጥክ። ብሌን ሠራህለት።"

"ለበዓል ነው እኮ፣ ሰዉ ደስ እንዲለው..."

"ሶባ።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ማዳመጫውን አወለቀ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ወደ አለቃው ክፍል ሄደ። እኔም ተከተልኩት፤ ልረዳው እንዳይመስላችሁ፣ ስሜን ይጠራ እንደሆነ ልሰማ ነው።

"ጌታዬ፣ እኔ የጻፍኩት ሰው አልታመመም" አለ በሩ ላይ ቆሞ። "ጸበል አያስፈልገውም። ካባው ከተረፈ ደግሞ ለሚበርደው ይስጡት።"

አለቃው ድምፁን ሳያነሳ፣ ገጹ እንዳለ ይታደላል፣ አይሆንም ካልክ ነገ ማዞሪያው ላይ እንዳላይህ አለው። ያኔ ዓይነ ስውር የሚቀጥር ሌላ መሥሪያ ቤት ሰበታ ላይ አልነበረም፤ ተጂ ያሉት እናቱና ታናናሾቹም የሚጠብቁት የሱን ደመወዝ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ አለቃውም ያውቃል። "አይሆንም" አለና ወጣ።

ክፍላችን ስንመለስ መጨረሻውን ቅጠል ከሁሉም ገንጥልልኝ አለኝ። በሩን አየሁ። እሱን አየሁ። ከዚያ ገነጠልኩ፤ እያንዳንዱ ሲቀደድ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። አለቃው በማግስቱ ሳይገልጥ በፈገግታ አደለው።

ሠራተኛው ቤቱ ወስዶ ያነባል፤ ታሪኩ ካባው ሲመጣ ቀጥ ይላል። ሰውዬው ምን ሆነ? ተቀበለ ወይስ አልተቀበለም? መልሱ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ነበር። ጓደኛዬ ሥራ ፈትቶ እዚያ ተቀምጧል፤ የጠየቀውን ሁሉ እውነተኛውን መጨረሻ ይነግረዋል። ተሳፋሪ ሰምቶ ይሄዳል። አንድ የሱሉልታ ነጋዴ ታሪኩን አገሩ ሰምቶት ኖሮ፣ እኔኑ አስቁሞ ለኔው አወራልኝ።

ማዞሪያው ላይ ማን እንደተተካ ገምቱ። የመጀመሪያው ቀን አለቃውን ከሚኒስቴር አገናኛለሁ ብዬ ከወፍጮ ቤት አገናኘሁት። ስለ ጓደኛዬ ስል ሆን ብዬ ነው እላለሁ አሁን። ሶባ። እንዲሁ መሰኪያው ተምታቶብኝ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አለቃው ሁለቴ ሰው ልኮ አልመጣ ሲለው ራሱ ፌርማታው ድረስ ወረደ። ጓደኛዬ ከመቀመጫው አልተነሳም፤ መጨረሻውን እስከ መጨረሻው ከሰሙኝ እመለሳለሁ አለው። አለቃው ባርኔጣውን እንደያዘ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየው፣ ካባው እምቢ እስኪባል ቆሞ ሰማ። "እብድ ነህ" አለው ሲጨርስ። "ነገ ሁለት ሰዓት ግባ።"

ያኔ ነው ለጓደኛዬ፣ ትክክለኛውን መጨረሻ ገጽ ለፋሲካ እሥልልሃለሁ ብዬ ቃል የገባሁት። የየትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልተናገርኩም።

ዛሬ ደወልኩለት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ያለበትን ስነግረው፣ ሴትዮዋ ካሚዮኑን ያዘለችበት ከጥሩምባው ይቀድማል፣ ወተት ሻጩ ከእሷ ይከተላል እያለ አስደረደረኝ። "ጨረስን" አልኩት።

"መጨረሻው ተገንጥሎ አሥራ አንድ ቅጠል ነበር የቀረው" አለኝ። "አሥራ ሁለት ሰማሁ።"

እንግዲህ ምን ልበል። ያን ቀን የገነጠልኩት ሠላሳ ዘጠኙን ነው። አርባኛውን ግን፣ እሱ እንዲሰማ በምትኩ ባዶ ወረቀት ቀድጄ፣ ሳልገነጥል ደበቅኩት። አለቃውን ፈርቼ አይደለም፤ ካባው አምሮልኝ ነው። የጥልፉን አበባ አንድ በአንድ ጭሬዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም ሥዬ አላውቅም። ይህንኑ ሳልሸሽግ ነገርኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ስልኩን ወረቀቱ አጠገብ አስቀምጥና ገጹን አሁን ሣልልኝ፤ እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ" አለ።

"እርሳስ የለኝም" አልኩት።

"ሶባ።"

እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነበር። በመጨረሻ ለነገ ተቃጠርን፤ ጠዋት ይደውላል። አንድ ገጽ አለብኝ፤ በገጹ ላይ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ባዶ ትከሻ፣ ሁለት ጭረት። እጄ ዘንድሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ብዬ የጀመርኩት ሦስት ይሆናል። እሱ ደግሞ ይቆጥራል።