ያላነበብኩት መስመር

ጦርነቱ ከሐይቅ ከተማ ርቆ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ትምህርት ቤታችን ገና አልተከፈተም ነበር። በአንዱ ክፍል ውስጥ የእርዳታ ዱቄት ተደርድሮ ነበር። ዱቄቱ የመጣው አምባሰል ተራራ ላይ ላሉት፣ እህላቸው ለተቃጠለባቸው መንደሮች ነው። ነገር ግን በሽቅብ መንገዱ ዳር ያልፈነዳ ቦምብ አለ ስለተባለ የድርጅቱ መኪና ከአስፋልቱ አይወጣም። ስለዚህ ድርጅቱ ከእኛ ቅሬ ጋር ልዋዋል አለ።

ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርስ የሰፈር ማኅበር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። በዚያ ክፉ ጊዜ ተፈናቃዮችን ተቀብሎ በየቤቱ ያስጠጋው እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም።

ውሉ በእንግሊዝኛ ነበር። የድርጅቱ አስተባባሪ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ ወረቀቱን ትታልን ስትሄድ ትከሻዬን መታ አድርጋ «አንቺ ጎበዝ ነሽ አሉ፤ አንብቢላቸው» አለችኝ። ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጎበዝ መባል በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ለተሰበሰቡት ሽማግሌዎች መስመር በመስመር ተረጎምኩላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን አንድ መስመር አቆመኝ። በጉዞ ላይ ለሚደርስ ሞትም ሆነ የአካል ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም፤ ኃላፊው ቅሬው ብቻ ነው ይላል። ቀና ስል ሁሉም ፊታቸው በርቶ ያዩኛል። ይህን ካነበብኩ ዱቄቱ ተመልሶ ይጫናል ብዬ ፈራሁ። ዘለልኩት።

የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪያችን፣ በአውራ ጣቱ ፈረመ። «እንግዲህ ማን ይውጣ?» አለ። ቅሬ ሰው ሲልክ ሁለት ነው የሚልክ፣ ብቻውን አይልክም።

«መኪናዋስ?» አለች ጎረቤታችን።

«መኪናዋ ዘመናይ ናት፤ አቧራ አትወድም» ሲል ዳኛው መለሰላት። ሰው ሳቀ።

ከሳቁ መሀል አባቴ እጁን አወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከብት እየነዳ ገበያ ለገበያ ስለኖረ መንገዱን ከማንም በላይ ያውቃል። አሁን ልናገር ይሆን ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ «ልጄን እዩልኝማ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው!» ብሎ ሲኮራብኝ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴና አንድ ጎረቤታችን አራት አህያ ጭነው ወጡ። «ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ተመልሰን እንደርሳለን፣ ኢንሻአላህ» አለ አባቴ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ተሰግዶ ሳያበቃ ከተራራው በኩል አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማ። እናቴ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠችና «ነጎድጓድ ነው» አለች። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም፤ ግን አይደለም ያላት ሰው የለም። እኔ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። የድርጅቱ መኪና ጭነቱን ካስረከበ በኋላ ወደ ደሴ ተመልሷል። የዐስር ሶላት ጊዜ ደርሶ አለፈ። ያን መስመር ቃል በቃል ስለማውቀው በሆዴ ደጋገምኩት፤ ሞትም ሆነ የአካል ጉዳት፣ ሞትም ሆነ የአካል ጉዳት።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አህዮቹ ብቅ አሉ። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች።

«ቦምቡን የረገጠችው ላም ናት» አለ አባቴ። «ከመንገዱ አሥር እርምጃ ብትርቅ ነው።» ከዚያ ወዲያ ዱቄቱን ያደረሱት ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነው፤ የቆዩትም ለዚህ ነው።

እግሩን እንዲታጠብ ውሃ ሳፈስለት ሁሉንም ነገርኩት።

«ስወጣ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባ።»

«እኔስ ብታነቢልኝም እወጣ ነበር። ያ አብሮኝ የወጣው ሰው ግን ሦስት ሕፃናት አሉት። እሱን ማን ጠየቀው?» አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ነገ ለሁሉም ታነቢያለሽ።»

አነበብኩ። አስተባባሪዋም ነበረች። ስጨርስ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«እታለም፣ መንገዱ ለእናንተ የሚያስፈራ ከሆነ ለእኛ በምን ለሰለሰ?» አላት ዳኛው።

«አባቴ፣ ውሉ የትም ቦታ እንዲሁ ነው። እኔ አልጻፍኩትም» አለችው አስተባባሪዋ።

«እኛም አልጻፍነው። ታዲያ የጻፈውን ጥሪልን።» ማንም አልሳቀም። «ለቅሬ ሥራ የወጣ ሰው ቢጎዳ ማሳውን የምናጭድ፣ ልጆቹን የምንይዝ እኛ ነን። እናንተም የበኩላችሁን ያዙ። መንገዱንም አብራችሁን እዩት። ከዚያ ይወጣል አይወጣም ብንል እኩል አውቀን ነው።»

«ልጠይቅ» ብላ ሄደች። ሦስት ቀን ሙሉ ዱቄቱ ከክፍሉ አልወጣም። ጎረቤታችን በመንገድ አግኝታኝ «ምነው ዝም ብትዪ ኖሮ! እላይ ያሉት ዛሬ ይበሉ ነበር» አለችኝ። መጀመሪያ አባቴን እገድላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ አሁን ደግሞ የማላውቃቸውን ሰዎች በረሃብ።

በአራተኛው ቀን አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች። የገጹን ቁጥር ሳይቀር አነበብኩላቸው። የተጎዳ ሰው ቢኖር ድርጅቱ ያሳክማል፣ ቤተሰቡንም ይረዳል፤ መንገዱንና ቀኑን የሚወስነው ቅሬው ነው። አባቴና ያ ጎረቤታችን መስመሩን በጆሯቸው ሰምተው እንደገና እንወጣለን አሉ። ወደ አስተባባሪዋ እግር ዝቅ ብዬ ሳይ ሸራ ጫማ አድርጋለች።

«አብረሽ ልትወጪ ነው?» አልኳት።

«አዎ። መንገዱን አብራችሁን እዩት አላላችሁም?» አለችኝ።

አባቴ ከፊት ሆነ፤ እሷ ዱካውን እየረገጠች ተከተለችው። እኔ አስፋልቱ ላይ ቀረሁ። መኪናው በዚያ ቀን ወደ ደሴ አልተመለሰም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለታችንም ተራራውን እናያለን።

«ለስንት ሰዓት ነው ያሉት?» አለኝ።

«ለዐስር ሶላት።»

ሰዓቱን አየና ያንኑ እንደገና ጠየቀኝ።