ተረከዜን ያየ ካለ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። በየጾሙ እፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህችን እዘላት ነበር። አሁን ለአንተ ለአንባቢው እናገራለሁ። አንድም ሰው እንዳይቀር ግን፣ በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቆዳው መጋዘን የነበርነውን አስቀድሜ ልጥራ።

ታፈረ ነበር፤ የመድረኩን ጨዋታ የደረሰው፣ ከጣልያኑ ሹም ፈቃድ ያወጣውም እሱ ነው። ውባለም ነበር፤ ቀጥቃጩን ሆኖ የሚጫወተው። ሐጂ ሱሌማን ነበሩ፤ የመጋዘኑ ባለቤት፣ የእኔም አሳዳሪ፤ ቆዳ ላይ ጨው እየነሰነስሁ የምውለው ለሳቸው ነው። ወይዘሮ አትጠገብ ነበሩ፤ ልጃቸው ሙሉ ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀምጣ። ከደጁ አጠገብ አያ ተገኘ ቆመው ነበር፤ የወለቃ መንደር ቀጥቃጭ፤ መቀመጫ የለቀቀላቸው ሰው አልነበረም። የቀረው የሰፈሩ ሰው ነው። እኔም ነበርሁ፤ ግን ማንም አላየኝም። እኔ ከወለሉ ስር ነበርሁ።

ጨዋታው ለሳቅ የተደረሰ ነው። አንድ ቀጥቃጭ የንፉግ ጎረቤቱን አህያ ሊበላ ጅብ ይሆናል። ታፈረ «ውባለም መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ይጩህ፤ በቃ» አለ። እኔ እንቢ አልሁ። ሰው ዓይኑ እያየ ካልተለወጠ ምኑን ተለወጠ? ከመጋዘኑ ወለል ስር ድሮ ቆዳ የሚዘፈዘፍበት ጉድጓድ ነበር። ሳንቃ አነጠፍንበትና መድረክ ሆነ። ውባለም ወናፉ አጠገብ ቆሞ እርጥብ ገለባ ፍሙ ላይ ይጥላል፤ ጭሱ ሲሸፍነው በወለሉ ክዳን ይወርዳል፤ እኔ የጅብ ቆዳ ለብሼ እወጣለሁ። የጅብ ቆዳ የሚሸጥ ስለሌለ ከጥጃ ቆዳ ሰፋሁት፤ ነጠብጣቡን በጥላሸት፣ ጋማውን ከበቅሎ ጭራ። የኋላ እግሩ ካላጠረ ጅብ አይመስልም ብዬ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

ክዳኑ እንዳይጮህ ጥሩ ማጠፊያ ያስፈልገኝ ነበርና ወደ አያ ተገኘ ወረድሁ። እሳቸው ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ አንቀባበልም። ብረቱን ድንጋይ ላይ ያኖሩልኛል፣ እኔ አነሳለሁ።

«ለምንህ ነው?» አሉኝ።

«ለጨዋታ ነው፣ አያ። ሰው የሚሰወርበት።»

«ሸጋ ነው። ጣልያን ለመንገድ ሥራ ሊያፍሰኝ ሲመጣ መሰወሪያውን ታውሰኛለህ።»

ሳቅን። ከዚያ የቆዳ ሽርጣቸውን እንዲያውሱኝ ለመንሁ።

«ምነው? ጨዋታችሁ ቀጥቃጭ አለበት?»

«አለበት።»

«እጁ ጎበዝ ነው?»

«በጣም።»

ሽርጡን አውልቀው ድንጋዩ ላይ አኖሩልኝ። ቀጥቃጩ ጅብ ይሆናል አላልኋቸውም። ለምን አላልሁም? ሽርጡን እንዳይከለክሉኝ ነው። ደረቱ ላይ በቀይ ጠፍር የተሰፋ እራፊ ነበረው፤ ያ እራፊ ከየት ይገኛል? ሌላም ነገር ወሰድሁባቸው። አያ ተገኘ ላባቸውን በመዳፍ አይጠርጉም፤ በግራ እጃቸው አንጓ ግንባራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ይጠርጋሉ። ይህን ውባለም እስኪያጠናው ድረስ አላስተኛሁትም። ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ፊቱንም እናቱ እንዳታውቀው አድርጌ ጥላሸት የቀባሁት እኔ ነኝ።

ጭሱ ተነሳ፤ ክዳኑ ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ ውባለም ወረደ፤ እኔ ወጣሁ። ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች፣ ሰዉም ተነሳ። ተመልሼ ገባሁና ክዳኑን ከውስጥ ቀረቀርሁት። ሰዉ ወደ ደጁ ሲጋፋ፣ ከመድረኩ የጠፋውን ቀጥቃጭ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘው። «ተገኘ ነው፤ ሽርጡን አላያችሁም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እግር ከላዬ ሳንቃውን ይደበድባል። ቆዳው በላቤ ተጣብቆ አልወልቅ አለኝ። ውባለም በጨለማው «እንውጣና ጨዋታ ነው እንበላቸው» ሲል አፉን በመዳፌ ያዝሁት። ፈርቼ ነው? አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው። ተረከዜን እንኳ ያየ የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ነው።

በማግስቱ ሐጂ ሱሌማን መድረኩን አስፈርሰው ጉድጓዱ ላይ ቆዳ አስከመሩበት። «ልጄ፣ ለነዚህ ጣልያኖች ጉድጓድ ማለት ጠብመንጃ ማለት ነው። ለአርበኛ ደብቀሃል ብለው ይሰቅሉኛል። ከአፍህ እንዳይወጣ» አሉኝ። ማልሁላቸው። ታፈረ ፈርቶ ጠዳ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ሄደ። ውባለምን ለመንገድ ሥራ አፈሱት። ከሐጂ ሌላ የሚያውቅ ሆኜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

በዚያው ሳምንት የወይዘሮ አትጠገብ ልጅ ሙሉ ታመመች። ትኩሳት ያቃዣት ጀመር። ጎረቤት ተሰብስቦ ጭስ አጠናትና «ማን ነው የበላሽ?» እያለ ጠየቃት። እኔ ከደጅ ቆሜ አያለሁ። ልጅቱ ዓይኗን እንደጨፈነች የግራ እጇን አንጓ አነሳች፣ ግንባሯን ከቀኝ ወደ ግራ ጠረገች። ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ሁሉም አወቁት። እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ አወቅሁት፤ ያን አጠራረግ ከመድረኩ ስር ሆኜ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

በአገራችን፣ በላ የተባለ ሰው መጥቶ በሽተኛው ላይ እንትፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ይለቀዋል ይባላል። እንትፍ ካለ ቡዳነቱን አመነ። እንቢ ካለ ቤቱን ያቃጥሉበታል። አያ ተገኘን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አሏቸው። እሳቸውም ሰዎቹን አስከትለው ወደ መጋዘኑ መጡ።

«ይህ ልጅ ያውቃል» አሉ። «ሰው የሚሰወርበት ክዳን ነው ብሎ ማጠፊያውን ያሠራኝ እሱ ነው። ንገራቸው፣ ልጄ።»

ሐጂ ሱሌማን ከጓዳ ሆነው ያዩኛል።

«የምን ክዳን?» አልሁ።

አያ ተገኘ አልቧቸው ነበርና ግንባራቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን አነሱ። ሰዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። «ይኸው፣ አያችሁት?» አለ አንዱ። እጃቸውን ሳይጠርጉበት ቀስ ብለው አወረዱት፤ ላቡም ዓይናቸው ውስጥ ገባ።

ሄደው እንትፍ አሉባት። በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። ከዚህ ወዲያ ማን ይከራከርላቸዋል? ማረሻ የሚያሠራው ገበሬ እስከ ትክል ድንጋይ ወደ ሌላ ቀጥቃጭ መሄድን መረጠ። ሳይቆይ ወናፋቸውንና ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ። ወዴት እንደሆነ አላውቅም።

አንዳንዴ ለሐጂ ነፍስ ስል ነው ዝም ያልሁት እላለሁ። ውሸቴን ነው። ጉድጓዱን ሳላነሳ ቆዳውን ለብሼ በሰው ፊት መቆም አልችልም ነበር? «ጅቡ እኔ ነኝ» ማለት አልችልም ነበር? ቆዳው ከአልጋዬ ስር ነበር። ዛሬም አለ። ጣልያን ሄደ፣ ሐጂም አረፉ፣ መሐላውም ከሳቸው ጋር ተቀበረ፤ ዝምታዬ ግን አልተፈታም። ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር የሚሉኝ ሰው ያሉበትን አላውቅም።

እናንተ የነበራችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። ወይዘሮ አትጠገብ፣ አያ ተገኘ ልጅዎ ላይ ሲያጎነብሱ ምን አሉ? ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ከደጁ አጠገብ የነበራችሁ፣ ሽርጣቸውን መድረክ ላይ ሲያዩ ስቀው ነበር? ከፊት የተቀመጣችሁስ፣ ከቆዳው ስር የሰው ተረከዝ ያየ አለ? ለብዙ ጊዜ ማንም አላየም ብዬ ኮርቻለሁ። አሁን አንድ ሰው እንኳ አይቶ ቢሆን እላለሁ። ያያችሁ ካላችሁ ተናገሩ።