የወለወልኳቸውን መጻሕፍት ልሰማ ሲያትል

ፖርትላንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ለዚህ ጉዞ ያነሳሳችኝ ኢህሳን ናት። ኢህሳን ሱዳናዊት ናት፤ እዚህ ፖርትላንድ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት አብረን ሠርተናል፣ አሁን ሲያትል ሬኒየር ቫሊ ትኖራለች። የምንግባባው በአረብኛ ነው። እሷ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው፣ እኔ ደግሞ ቤሩት በሰው ቤት ስሠራ የለቀምኩት። ንግግሩን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ ፊደሉን ግን አንዱንም አላውቀው።

«እዚህ ሴቶች በየወሩ እየተሰበሰብን አዳዲስ የአረብኛ መጻሕፍት ጮክ ብለን እናነባለን» አለችኝ በስልክ። «ሴቶቹ የጻፉት ጉድ ነው! ስለ ፍቺ፣ ስለ እስር፣ ስለ እናት ዱላ፣ ምን የቀራቸው አለ!»

«ስለ ሠራተኞቻቸውስ?» አልኳት።

«ነይና ስሚ» አለችኝ።

ቤሩት የነበርኩበት ቤት ጌታው መጽሐፍ ወዳድ ነበሩ። ግድግዳው ሁሉ መጽሐፍ ነበር። እያወረድኩ እወለውላለሁ፣ መልሼ እደረድራለሁ። በክብደታቸውና በጀርባቸው ቀለም ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ ግን ማን ነግሮኝ! እዚህ ደግሞ ልጄ ሊዲያ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ስለ ቤሩት ትነዘንዘኛለች። «ተዪኝ ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው» እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ኑሮ በምን ቃል እንደሚነገር አላውቅበትም። የአረብ ሴቶች ሁሉን ጽፈው ከሆነ እኛንም ጽፈውን ይሆናል አልኩ። ካለንበት ልስማው፣ ከሌለንበትም ቁርጤን ልወቅ ብዬ ተሳፈርኩ።

ባቡሩ

ትኬቱ አርባ ዶላር ገደማ ነው፤ መኪና እየነዱ አውራ ጎዳና ላይ ከመንጨርጨር ይሻላል። ወንዙን ተሻግረን ጫካው ተጀመረ፤ ዝግባ የሚመስል ዛፍ፣ ጭጋግ፣ እንደገና ዛፍ። ታኮማ ልንደርስ ስንል ሐዲዱ ባሕሩ ዳር ዳሩን ያዘ። ውሃው ከመስኮቴ ሥር ነው። የሬኒየር ተራራም ያን ቀን ደመናውን ገፎ ቁጭ ብሏል። ጎኔ የተቀመጠው ፈረንጅ ስልኩን እያየ ነው። «ኧረ ቀና በል!» ልለው ምንም አልቀረኝ።

ቼሪ ጎዳና

ኢህሳን ከጣቢያው ተቀብላኝ ምሳ ልትጋብዘኝ ሴንትራል ዲስትሪክት ወሰደችኝ። ቼሪ ላይ መኪናዋን የምታቆምበት ፍለጋ ስንዞር ቆይተን በመጨረሻ ፓርክ አደረገች። አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን ተጋቢኖ አዘዝኩ፤ ዋጋውን ሳይ ግን «ለሽሮ?» ብዬ ጮህኩ። የቤቱ ባለቤት ሳቀችብኝ።

«ከየት ነሽ እህቴ?»

«ከፖርትላንድ። መጽሐፍ ሲነበብ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«ጉባኤ አለ እንዴ?»

«ኧረ የአረብኛ መጽሐፍ ነው።»

አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አየችው። «እና… ሰላም ነው?» አለች። ቤሩት እንደነበርኩ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ዙሪያውን አይታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «እኔም ጅዳ ነበርኩ» አለችኝ። እንዴት ነበር ስላት «ተዪው» ብላ ውሃ ልትጨምርልን ሄደች። እኛ እንዲህ ነን፤ ያለፍንበትን «ተዪው» ብለን እንከድነዋለን።

ካፒቶል ሂል

ንባቡ የሚካሄደው ናዲያ የምትባል ጡረታ የወጣች የሊባኖስ መምህርት ቤት ነው። ሳሎኑ እስከ ጣሪያው መጽሐፍ! ሴቶቹ ከኢራቅም ከሶሪያም ከግብፅም ናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ አይቼ እጄን በላኝ። ናዲያ «ሻዩ ሳይደርስ አይቀርም» ስትል ደግሞ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ራሴን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘሁት፣ ትሪ ይዤ። በአረብኛ ሻይ ሲባል እግሬ እኔን አይጠይቅም። ናዲያ ተከትላኝ መጥታ ትሪውን ተቀበለችኝ።

«አንቺ እንግዳዬ ነሽ። ቁጭ በይ!»

እሱም ትእዛዝ ነውና ታዘዝኩ።

ከዚያ ማንበብ ጀመረች። መጽሐፉ አንዲት ሴት የራሷን ሕይወት የጻፈችበት ነው፤ አባቷ ታፍኖ ስለተወሰደበት ዓመት። እናትየዋ አፏ ተዘጋ፤ ሲብስባትም ልጆቿን ትደበድባለች። ጸሐፊዋ አልደበቀችም። በአባቷ ማፈሯን፣ እናቷን መጥላቷን፣ ጎረቤት መሸሹን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። የገዛ እናቷን ገበና! እኛ ዘንድ ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ይረግማት ነበር። እኔ የማውቀው አረብኛ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ቶሎ በይ ነበር። ለካ ይህ ቋንቋ ማንሾካሾክም ያውቃል! ለማላውቃት ሴትዮ እንባዬ ወረደ። ቀናሁባትም፤ ሰው እንዲህ ደፋር ይሆናል?

አንድ ቦታ ላይ ዘመዶች ሊያጽናኑ መጥተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ የሚናገር ሰው የለም። «ከዚያም ሻይ መጣ» ብላ ናዲያ ንባቧን ቀጠለች።

«ቆይ!» አልኩ። «ሻይ በእግሩ ይመጣል እንዴ? ማን አመጣው?»

ኢህሳን መሬት መሬት ታያለች። ናዲያ ገጾቹን ወደኋላም ወደፊትም ስታገላብጥ ቆየች።

«ሠራተኛ እንደነበረቻቸው መጀመሪያው ላይ አለ» አለች። «ከዚያ ወዲያ የለችም።» መነጽሯን አወለቀች። «ደጋግሜ ያነበብኩት መጽሐፍ ነው። አንድም ቀን አልጠየቅኩም።» ቀና ብላ አየችኝ። «እስቲ አንቺ ንገሪን። ያ ሻይ እንዴት መጣ?»

«አንዲት ልጅ ነበረች» ብዬ ጀመርኩ፤ ትንሽ እንደሄድኩ ግን «እኔ» አልኩ። የእመቤቴ ወንድም የሞተ ሰሞን ነው። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶታል። ሻይ ይዤ ከመግባቴ በፊት ከበሩ ኋላ ቆሜ ለቅሶው ጋብ እስኪል እጠብቃለሁ። እመቤቴ እህል አልቀምስ ስላለች ብርጭቆዋ ውስጥ ስኳር አበዛለሁ። በዚያው መሃል ከአገር ስልክ ተደወለልኝ፤ አባቴ ሞቷል። መርዶዬን ትሪ እንደያዝኩ ሰማሁ። ማን አለኝና ልንገረው? ሳሎን ገብቼ ሻዩን አስቀመጥኩና እዚያው ስቅስቅ አልኩ። እመቤቴ ለወንድሟ ያለቀስኩ መስሏት ተነስታ አቀፈችኝ። እኔም አልነገርኳትም። አባቴን በሰው ለቅሶ አለቀስኩት።

ስጨርስ መጀመሪያ የተነሳችው ናዲያ ናት። ከፊቴ ቆማ ሁለቱንም እጆቼን ይዛ በወጉ «አላህ ይማረው» አለችኝ። አንድ በአንድ እየተነሱ ሁሉም እንደዚያው አሉኝ፤ የአባቴንም ስም ጠየቁኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ለአባቴ ለቅሶ የደረሱኝ ሰዎች እነሱ ሆኑ። ይህን ምን ልበለው? እስካሁን ይደንቀኛል።

መልስ

እሑድ ወደ ቤቴ ስመለስ መጽሐፉ እጄ ላይ ነበር፤ ናዲያ ሰጥታኝ ነው። እኛ በመጽሐፉ አልነበርንም፤ ቁርጤን አወቅሁ። ጸሐፊዋን ግን አልተቀየምኳትም። እሷ የቤቷን ገበና ባትዘረግፍ እኔም የእኔን አልናገርም ነበር። ሆድ ይፍጀው እያልኩ የያዝኩት ነገር ሆዴን ፈጀው እንጂ ሌላ ምን ጠቀመኝ? ጉዞው ያስተማረኝ ይህንን ነው።

ሊዲያ ከጣቢያው ፒክ አደረገችኝ። «ሶ፣ ሀው ዋዝ ኢት?» አለች፤ ቤታችን ደጃፍ ስታቆም መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አንስታ አገላበጠችው።

«ማሚ፣ ምን ይላል?»

«ማንበቡን አልችልም። የጎደለውን ግን ልነግርሽ እችላለሁ።»

ሞተሩን አጠፋችና ወደ እኔ ዞረች።

«የአያትሽን መርዶ የሰማሁ ቀን» አልኳት፣ «በሰው ለቅሶ ላይ ሻይ አቀርብ ነበር።»